ገብሱ የጠጣው ውሃ

በዚያ ዘመን በሰፈራችን እኔን የማይፈራ እንስራ አልነበረም። የቦኖው ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ሆሳዕና በበጋ ውሃ የምታገኘው ቀን እየዘለለች ነው፤ ያም ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ከዚያ ቡናማ ነገር ይተፋል፣ ውሃ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቱ ሁሉ ከንጋት ጀምሮ እንስራውን ደርድሮ ይህን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ አርጩሜ ይዤ በሰልፉ ዳር እመላለሳለሁ። አርጩሜዬን ሰው ላይ አሳርፌው አላውቅም፤ እንስራ ላይ ግን አሳርፌዋለሁ። አንዱ ተሰብሯል። የጎረቤቴ የዳቦ ጋጋሪዋ ነበር። ፍትሕ እንዳይጓደል ከራሴ ቤት አምጥቼ ተካሁላት፤ የተካሁት ደግሞ የሚያፈስ ሆኖ ተገኘ።

የቀበሌው ሴቶች በስብሰባ እጃቸውን አውጥተው ሲመርጡኝ፣ አድልዎ አታውቅም ብለው መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ያለ ተራቸው ገብተው አግኝቼ ወደ ሰልፉ ጭራ ስለመለስኳቸው ወሬው ከተማውን ሞልቶት ነበርና። ቆይቶ እንደገባኝ ግን የተመረጥኩት ድምፄ ከቦኖው እስከ ገበያ ድረስ ስለሚሰማ ነው። እንዲያውም አንዷ፣ «ከምትሰለፍ ብታሰልፍ ይሻለናል፤ ቢያንስ ከኋላችን ሆና አትጮህብንም» ብላ ነው እጇን ያወጣችው።

እኔም ሥልጣን እንደያዘ ሰው ሁሉ ሕግ አወጣሁ። ለአንድ ቤት በአንድ የውሃ ቀን ሁለት እንስራ። ሠርግ ወይም ተዝካር ያለባት ሴት በሁሉም ፊት ቆማ የሚያስፈልጋትን ትናገራለች፤ ሌሎቹም ከየተራቸው እየቀነሱ ይሰጧታል። የሚጠየቀው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተናገሩት ቁጥር ላይ አይጨመርም። ይህን ያወጣሁት አንዲት ሴት በአጎቷ ተዝካር ስም ክረምት እስኪገባ ስትቀዳ ስለከረመች ነው። አጎትየው በሕይወት ሳለ ያን ያህል ውሃ አልጠጣም።

ሕጉ መጀመሪያ የያዘው ዳቦ ጋጋሪዋን ሆነ። ለአባቷ ተዝካር የጠየቀችው ውሃ አነሳትና ሁለት እንስራ እንዲጨመርላት መጣች።

«ሕግ ሕግ ነው፤ ሂጂ» አልኳት።

ባዶ እንስራዋን አዝላ ሄደች። አንድ ቃል አልመለሰችም። ዳቦ ጋጋሪ ዝም ስትል ሊጡ እየቦካ ነው ማለት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

በዚህ ክብር ላይ ሳለሁ የባሌ ታናሽ እህት ዱራሜ ለሚያስተምር መምህር ታጨች። የአማቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። አማቴ ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና የሰፈሩ፣ በጠላቸው የሚታወቁ ሴት ነበሩ። ከቦኖሻ ገበያ የሚመለስ ሰው የእሳቸውን ጠላ ለመቅመስ መንገድ ያጣምም ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ ግን የቦኖው ጭቃ አንሸራትቷቸው ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለው።

«እንግዲህ ጠላውን የሚጠምቅ ሰው ይፈለግ» አሉ።

«እኔ እያለሁ?»

«አንቺ እኮ የአማኝ ልጅ ነሽ። እናትሽ ቤት ጋን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይቻለሁ።»

«ምን ነበረበት?»

«ባቄላ።»

እውነታቸውን ነበር። የእኔ ሰዎች ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ሀዲያዎች ናቸው፤ ወንጌል ከተቀበሉ ወዲህ ጠላ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ባሌን ተከትዬ ስወጣ አባቴ ያዘነው ለእምነቱ ይሁን ወይስ ለጠላው ሽታ እስካሁን አላወቅሁም። ባሌ ቤት ገብቼም ቢሆን አልተማርኩም። አማቴ ጓዳውን ዘግተው ነው የሚጠምቁት፤ የእኔ ድርሻ ውሃ ማመላለስ ብቻ ነበር። «ጨምሪ» ይሉኛል፣ አመጣለሁ። «ጨምሪ» ይሉኛል፣ እንደገና እሄዳለሁ። እሳቸው ውሃ የሚለኩት በእኔ ጀርባ ነው። ጀርባዬ ሲታጠፍ በቃ ማለት ነው።

ቢሆንም ግድ ብዬ ያዝኩ። እሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሊያዙኝ ተስማሙ። «ብቻ ስሚኝ» አሉኝ። «ይህች የመጨረሻዬ ናት። በዱራሜ ሰዎች ፊት ጠላ ካነሰ እኔ ከዚህ ቤት በፊት ለፊት አልወጣም። ብሞትም በጓሮ አውጡኝ።»

«አያንስም። በሒሳብ ነው የምሠራው።»

ይህን ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ማባዛትና ማካፈል ደርሻለሁ፤ የምስክር ወረቀቴም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰው አዲስ ጫማ ሲገዛ መንገድ እንደሚያምረው፣ እኔም የማካፍለው ነገር እፈልግ ነበር። ዳቦ እየቆረስኩ ሳይቀር አካፍል ነበር። በዚህ ላይ ውሃው የሰው ውሃ ነው፤ አትርፌ ባፈስስ በሕዝብ ላይ ግፍ ሠራሁ ማለት ነው። ስለዚህ የእንግዳውን ቁጥር ከባሌ ተቀበልኩና ለአንድ ሰው ሦስት ጣሳ ብዬ አባዛሁት። አንድ እንስራ ስንት ጣሳ እንደሚይዝ ለካሁ፤ በልኬቱ ላይ ግማሹን ውሃ መሬት አጠጣሁት። ከዚያ አካፈልኩ። ከዱራሜ ከሚመጡት ግማሾቹ አማኞች ስለሆኑ ጠላ አይጠጡም፤ የእነሱን ቀነስኩ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል የጻፍኩት መጨረሻ ላይ አሥራ አራት እንስራ ሆነ።

አማቴ መጡና ግድግዳውን አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጠላው ውሃ ነው፣ እማማ።»

«ጠላ ግድግዳ ላይ ነው እንዴ የሚጠመቀው? ስንት ይላል?»

«አሥራ አራት እንስራ።»

«ያንሳል።»

«በስንት ያንሳል?»

«በብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም፣ እማማ። ስንት ሲሆን ነው የሚበቃው?»

«ሲበቃ ነዋ!»

እንግዲህ ከዚህ መልስ ጋር ምን ይደረጋል? እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢሰጡኝ እሰማ ነበር፤ እሳቸው ግን ለምን እንደሚያንስ አያውቁትም። ከመጥመቅ በቀር ጠይቀውት የማያውቁት ነገር ነው። እኔ ደግሞ ያደግኩት በእንሰት ነው። እንሰት ሲፋቅ ውሃ ይሰጣል፤ ሲጨመቅ ውሃ ይሰጣል፤ ውሃው ሲጠልል ከሥሩ ቡላ ይቀራል። በእናቴ ቤት ምግብ ማለት ውሃ የሚወጣው ነገር ነው እንጂ ውሃ የሚወስድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጋን ውስጥ የገባ እህል የተሰጠውን ውሃ ይዞ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። አሥራ አራት ከገባ አሥራ አራት ይወጣል። እንዲያውም እህሉ ትንሽ ጨምሮበት አሥራ አምስት ይሆናል ብዬ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በውሃው ቀን አርጩሜዬን ለሌላ ሴት አስይዤ በሰልፉ ፊት ቆምኩ።

«ለሠርግ አሥራ አራት እንስራ እጠይቃለሁ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ከመሐል ብድግ አለች። «ለስንት ጋን ነው?»

«ለሦስት።»

«ጓድ ተራ አስከባሪ፣ አሥራ አራት ይበቃል ብለሽ ነው?»

«በሒሳብ የተሠራ ነው።»

«ሃያ በይ፣ ግድ የለም። ሠርግ እኮ ነው። እኔም ከድርሻዬ እቀንስልሻለሁ።»

«ከሚያስፈልገኝ በላይ አንድ ጣሳ አልነካም!» አልኩ። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብልኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ «ይህች ልጅ ቁርስ አልበላችም መሰል» አሉ።

ውሃውን በሁለት የውሃ ቀን ሰጡኝና ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጉድ የመጣው ገና ጌሾ ሳይነካ ነው። አማቴ፣ «በይ ጋኖቹን በግራዋ ቅጠል እጠቢያቸው» አሉኝ። ጋን ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ነው የሚጠመቅበት። ይህን አውቃለሁ፤ በከሰል የጻፍኩት ሒሳብ ግን አያውቅም ነበር። ለሦስት ጋን መታጠቢያና ማለቅለቂያ ሁለት እንስራ ሄደ። ምንም አይደለም አልኩ፤ የጠፋውን ከራሴ ሦስት ጣሳ እቀንሳለሁ አልኩ። እኔ ሦስት ጣሳ ጠላ ጠጥቼ የማውቅ ይመስል።

ጥንስሱ ደህና ሆነ። ጌሾው በውሃው ውስጥ ሰነበተ፣ ብቅሉ ገባበት፣ ሽታው ጓዳውን ሞላው። አማቴም በግራ እጃቸው ክዳኑን እያነሱ ማሽተትና አለመሳደብ ጀመሩ፤ ከእሳቸው ይህ ምርቃት ነው። ከዚያ የተቆላው የገብስ ዱቄት፣ አሻሮው፣ የሚደፈደፍበት ቀን መጣ። አሻሮውን ጨመርኩ፣ ውሃ አፈሰስኩ። አማሰልኩ። ውሃው የለም። ሌላ እንስራ ገለበጥኩ፤ እሱም የለም። ጋኑ የተሰነጠቀ መስሎኝ ዞሬ ከሥሩ ዳሰስኩት፤ መሬቱ ደረቅ ነው። ባሌን ጠራሁት።

«ከዚህ እንስራ ውሃ ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም።»

«እግርህንስ አልታጠብክም?»

«እግሬን እይው» አለኝ። አየሁት። አልታጠበም።

አማቴ በርጩማቸው ላይ ተንቀጠቀጡ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እየሳቁ ነው።

«ገብሱ ነው የጠጣው፣ አንቺ ልጅ።»

«ገብሱ ለምን ይጠጣል? ሠርጉ ላይ አልተጠራ!»

«አሁን ጠርተሽዋል።»

አላመንኳቸውም። ቢጠጣም ይመልሰዋል ብዬ አመንኩ፤ የእናቴ እንሰት ይመልሳል። ከድፍድፉ ጥቂት ዘግኜ በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩና እናቴ ቆጮ እንደምትጨምቀው በጉልበቴ ተጫንኩት። ኮባው ተሰነጠቀ። በፊት በኩል ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ፊቴ ላይ ተረጨ፣ የቀረው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ጠብታ ውሃ አልወጣም።

«ልጄን ልድር ነው ወይስ ቆጮ ልበላ ነው?» አሉ አማቴ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ድፍድፉ ደረሰ፤ ጋኖቹን በውሃ ሞልቶ ከድኖ በጭቃ መምረግ ብቻ ቀረ። የቀረኝን ውሃ ሁሉ ገለበጥኩ። ሦስቱም ጋኖች ወገባቸው ላይ ቆሙ። ሠርጉ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከሠርጉ በፊት ውሃ የሚመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ባሌ ጸጥተኛ ሰው ነው፤ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር። የዚያን ቀን ማታ እራት ላይ እንደ ዋዛ፣ «መሥሪያ ቤታችን በርሜል አለ፤ ለዘበኛው ብነግረው በጓሮ በኩል...» ብሎ ጀመረ።

«የሕዝብ ውሃ ነው!» አልኩት።

አማቴ እንጀራቸውን አስቀመጡ። «ሠርጉን የሚጠጣውስ ማን ነው? ሕዝብ አይደለም?»

«እማማ፣ ሕግ አለ።»

«አንቺው ያወጣሽው?»

«እኔው ያወጣሁት ቢሆንስ?»

«እንግዲያ ኩራትሽን ጋኑ ውስጥ ጨምሪውና ይሙላልን» አሉና ተነስተው ተኙ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው አሥራ አራት እያየኝ ነበር። በቀሚሴ ጫፍ ላጠፋው ሞከርኩ፤ ከሰል ሲጠርጉት ይበልጥ ይጠቁራል።

በማግስቱ እንደማንኛዋም ሴት የቤታችንን ሁለት እንስራ ይዤ የሰልፉ ጭራ ላይ ቆምኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አንገቱን የማያዞር የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከፊት ሆና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጓድ ተራ አስከባሪ፣ ዛሬስ በሒሳብ ስንት ሆነ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ድምፄ ከልቤ ይቀድማል። «አንሶኛል» አልኩ። እስከ ገበያ ድረስ ተሰማ መሰለኝ።

ሰልፉ በሳቅ ተሰበረ። አንዷ እንስራዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሁለት ሴቶች በሀዲይኛ ስለ እኔ አንድ ነገር ተባባሉ፤ የምሰማው ቋንቋ መሆኑን የረሱ ይመስል። የተባባሉትን አልጽፈውም፤ ልክ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «ሕጉ ምን ይላል?»

«አንድ ጊዜ ጠይቂ ይላል።»

«ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ለአባቴ ተዝካር ሁለት እንስራ ባነሰኝ ጊዜ ምን አልሽኝ?»

«ሂጂ አልኩሽ።»

«እንግዲያ ፍረጂ። ዛሬ እዚህ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት አንሷታል። ይጨመርላት ወይስ አይጨመርላት?»

«ተያት እባክሽ፣ ሠርግ ነው» ያሉ ነበሩ። አሮጊቷማ እንስራቸውን ወደ እኔ መግፋት ጀምረው ነበር። አማቴ ትዝ አሉኝ፤ በጓሮ አውጡኝ ያሉት። ሆዴ፣ ይጨመርላት በይ አለኝ። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋን ፊት አየሁ፤ ያን ቀን ባዶ እንስራ አዝላ የሄደችበትን ጀርባዋንም አሰብኩ።

«አይጨመርላትም» አልኩ።

አሮጊቷ እንስራቸውን መልሰው ሳቡ።

«ምን አልሽ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«አይጨመርላትም። ሁለት እንስራዋን ቀድታ ትሂድ።»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «አንቺ ግትር! ልሰጥሽ እኮ ነበር! እንድትለምኚኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት፣ ትንሽ ብቻ!»

«ያንቺን ከልክዬ የእኔን ብወስድ ያንቺ ምን ይሆናል?»

«የእኔማ ምን ይሆናል፣ አባቴ እንደሆነ ሞቶ አልቋል!»

ሁለት እንስራዬን ቀዳሁና ቤቴ ገባሁ። ሁለቱንም ጋን ውስጥ ገለበጥኳቸው። ያን ቀን ባሌ ፊቱን ሳይታጠብ ቢሮ ሄደ። አማቴ ነገሩን ከእኔ አፍ ሲሰሙ አልተሳደቡም። ወደ ግድግዳው ዞረው በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ መስሎኝ ቀረብኩ። በዚህኛው ጊዜ እያለቀሱ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ትክክል ሆኜ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

የሠርጉ ዕለት ጋኖቹ ሲከፈቱ ጠላው ወፍራም፣ ጥቁር፣ እንደ ቡና አተላ የከበደ ሆኖ ተገኘ። እንዲዳረስ ብዬ ትንንሹን ጣሳ መረጥኩና ቆሜ በእጄ ቀዳሁ፤ ለሁሉም እኩል፣ ከጣሳው ወገብ ሳያልፍ። ከዱራሜ የመጡት ትልቅ ሽማግሌ ጣሳውን ዘቅዝቀው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ነው? በቀን ስንቴ ነው የሚወሰደው?»

«ይቅመሱት፣ አባባ።»

ቀመሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣሳውን መልሰው ዘረጉ። እስከ ቀትር ድረስ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጋቢያቸውን። አንዱ የሙሽራውን አጎት አቅፎ ስለ አንዲት ላም አለቀሰ። ለአንድ ሰው ሦስት ጣሳ ብዬ ያባዛሁት ከንቱ ነበር፤ ሁለተኛውን ጨርሶ ሦስተኛውን የጠየቀ ሰው አላየሁም። ትልቁ ሽማግሌ አማቴ ዘንድ ሄደው፣ «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም፤ ጠብታ ውሃ የለበትም!» አሏቸው።

«እኛ ቤት ውሃ አይወደድም» አሉ አማቴ፣ ያን የታሰረ እጃቸውን እንደ ንግሥት ታቅፈው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው መረቁኝም ረገሙኝም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየሁም።

እኔም ልቤ ሊያርፍ ነበር። በዚህ መሐል ከዳሱ ጥግ፣ አማኞቹ እንግዶች ከተቀመጡበት፣ አንዲት ሴት ጠራችኝ። ፀሐዩ ዳሱን እንደ ብረት ምጣድ አግሎታል።

«እህቴ፣ እኛ ጠላ አንጠጣም። ውሃ ብቻ ትሰጪን?»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከሒሳቡ የቀነስኳቸው ሰዎች። ጠላ የማይጠጣ ሰው ጭራሽ አይጠማውም ብዬ ነው መሰለኝ፣ ለእነሱ የሚሆን አንድ ኩባያ ውሃ በቤቱ የለም። ሁለቱም እንስራ ጋን ውስጥ ነው። እነዚያ ደግሞ የእኔ ሰዎች፣ የእኔ እምነት ዘመዶች ናቸው፤ ጠጪውን ሁሉ እኩል አጠጥቼ የራሴን ወገን በጥም ላደርቅ ነው። ጓዳ ገባሁና ባዶውን እንስራ ዘቅዝቄ ጠበቅሁ፣ ምናልባት ቢመልስ።

ደጅ ግርግር ሰማሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ እንስራ አዝላለች። ከኋላዋ ሦስት አራት ሴቶች፣ ሁሉም ባለ እንስራ።

«እኔ አልጠየቅሁም!» አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ።

«አልጠየቅሽም። እኔም ላንቺ አልሰጠሁም። እንግዳ ነው የማጠጣው፤ ዞር በይ።»

«ሕጉ ግን...»

«ሕግሽ ስለ መጠየቅ ነው የሚያወራው። ስለ መስጠት የሚል ነገር አለው? ፍረጂ እስቲ!»

አሰብኩ። ስለ መስጠት አንድም ቃል የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሳይጠየቅ ያደርጋል ብዬ ሕግ ሳወጣ አላሰብኩም። «የለውም» አልኩና ዞር አልኩ። እሷም እንስራዋን ይዛ በአማኞቹ መሐል እየዞረች፣ ኩባያውን እስከ አፉ እየሞላች አጠጣች። እየሞላች ደግሞ ወደ እኔ ታያለች። ጠጪው ሁሉ የእኔን ግማሽ ጣሳ ይዞ የእሷን ሙሉ ኩባያ አየ።

ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያው የውሃ ቀን አርጩሜዬን ላስረክብ ወደ ቦኖው ሄድኩ። መሬት ላይ አስቀመጥኩትና፣ «ሌላ ሰው ምረጡ፤ እኔ መቁጠር አልችልም» አልኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ አነሳችውና እጄ ላይ መለሰችው።

«አንቺ ከወረድሽ ማን ላይ እንስቃለን? ይልቅ ድፍድፉ ጋኑ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ቅራሪ ይወጣዋል።»

ያን ቀን ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ከድርሻቸው እያመጡ ጋኖቹ ውስጥ ገለበጡ። ቅራሪ ማለት ከጠላው በኋላ በዚያው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣ ቀጭን መጠጥ ነው። እኔ ቆሜ፣ «ገብሱ ይጠጣዋል፤ ስንት እንደሚመለስላችሁ ቃል አልገባም፣ ኋላ እንዳትጠይቁኝ!» እያልኩ እጮህ ነበር። በማግስቱ ስንቀዳ ግን የገባው ሁሉ ወጣ። አንድ እንስራ ላመጣች አንድ እንስራ፣ ግማሽ ላመጣች ግማሽ። ገብሱ ጠጥቶ ጠግቦ ኖሯል፤ የጠገበ ደግሞ አይቀማም። አሥራ አራት ከገባ አሥራ አራት ይወጣል ያልኩት እውነት ነበር። ቀኑን ብቻ ነበር የሳትኩት።

ዳቦ ጋጋሪዋ የድርሻዋን ቀመሰችና ምላሷን አጮኸች። «ይሄ እኮ ውሃ ነው።»

«ያመጣሽው እሱን ነዋ።»

በቀጣዩ የውሃ ቀን ሁለቱን የቤታችንን እንስራ ቀዳሁና ወደ ቤቴ ሳልገባ ወደ እሷ ደጅ ሄድኩ። አማቴ ከበራችን ሆነው እያዩኝ ነበር፤ አልከለከሉኝም። ባሌ የዚያን ቀንም አልታጠበም። እንስራዎቹን ከደጃፏ ላይ አስቀመጥኳቸው። እሷ እጇ በሊጥ እንደ ተነከረ ወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አልጠየቅሽኝም። እኔም አልሰጠሁሽም።»

አየቻቸው። ስለ አባቷ ልታወራ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የአንዱን እንስራ ሥር በሊጣም ጣቷ ነካችው።

«ይሄኛውስ አያፈስም?»

«ያፈሳል» አልኳት። «ቶሎ ገልብጪው።»